በአንድ ስም የተሸፈኑ ሐረጎች

በሰሜን ኢትዮጵያ ምች የመታው ሰው ሐረግ ሬሳ ይቀቀልለትና በጋቢ ተሸፍኖ እንፋሎቱን ይታጠናል። በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ እየተጠመጠመ የሚወጣ፣ ቅጠሉ የሚሻክር፣ ትንንሽ ክብ ፍሬው ሲበስል የሚቀላ ሐረግ ነው። የዱባና የቅል ዘመድ ሲሆን በሳይንስ ዜኔሪያ ስካብራ ይባላል። ይህ ስም ግን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ሐረግ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከኬፕ የተወሰደ ናሙና የተጠራበት ነው። ከዚያ ወዲህ ከኬፕ እስከ ኢትዮጵያ ደጋዎች ድረስ የሚበቅለው መሰሉ ሐረግ በዚያው ስም ሲመዘገብ ኖሯል።

በ2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፊቶኪስ በተባለው የሥነ ዕፅዋት መጽሔት ላይ የቻይናና የኬንያ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። በምዕራብ ኬንያ ጫካዎች ዜኔሪያ ስካብራ ሲባል የኖረው አንዱ ሐረግ ለካ ሌላ ዝርያ ነበር። አበቦቹ ተጠጋግተው በተቀመጡበት ዘለላ ግርጌ ቅጠል የሚመስል ሰፊ ሽፋን አለው፤ አካሉ ከሞላ ጎደል ጸጉር የለበትም። የዘረመል ንጽጽሩም ለብቻው መቆም እንዳለበት አሳየ። ዜኔሪያ ግራንዲብራክቲያታ የሚል ስም ወጣለት።

ማንም አይቶት የማያውቅ ተክል አልተገኘም። ያገሬው ሰው በየዕለቱ ያልፍበታል፤ ሰብሳቢዎችም ቆርጠው፣ አድርቀው፣ በወረቀት ላይ ለጥፈው አስቀምጠውታል። የጠፋው ከኬፕ ሐረግ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ «እነዚህ በእርግጥ አንድ ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ይኸው ጥያቄ በሰቆጣ ዙሪያ፣ በዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ለሚወጡ ሐረጎችም ይገባል። በዋግ አዲስ ዝርያ ይኖር ይሆን ብሎ ከመገመት በፊት፣ ያለው ዝርያ በትክክል ተነጻጽሮ እንደሆነ መመርመር ይቀድማል።

አዲስ የሚባለው የቱ ነው?

«አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ሲሰማ ብዙ ሰው የሚያስበው ገደል የሚወጣ አሳሽ ነው። ሥራው ግን ከገደሉ ይልቅ ወደ መዝገብ ቤቱ ያደላል። በ2010 በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አዲስ ተብለው ከተሰየሙት ዕፅዋት መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰበሰቡ በ5 ዓመት ውስጥ ስም ያገኙት 16 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ወደ ሩብ የሚጠጉት ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናሙናዎችን የሚመለከቱ ነበሩ። አጥኚዎቹ ገና ስም ያልወጣላቸው አበባማ ዕፅዋት 70,000 ያህል ቢሆኑ ከግማሽ በላዩ ቀድሞ ተሰብስቦ በየሄርባሪየሙ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ገምተዋል።

ሄርባሪየም የደረቁ ዕፅዋት መዝገብ ቤት ነው። እያንዳንዱ ናሙና በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፎ የሰብሳቢው ስም፣ ቦታው፣ ቀኑና ከፍታው ይጻፍበታል። አዲስ ዝርያ የሚሰይም ተመራማሪ ከእነዚህ አንዱን «ዋና ናሙና» ብሎ ይመርጣል፤ ስሙ ለዘለዓለሙ የሚታሰረው በዚያ አንድ ወረቀት ላይ ነው። ወደፊት ክርክር ቢነሳ ዳኛው እሱ ይሆናል።

የዕፅዋት ስያሜን የሚገዛው ዓለም አቀፍ ደንብ ለዚህ ጥቂት ግዴታዎችን አስቀምጧል። ከ1958 ጀምሮ ዋና ናሙና ሳይጠቀስ የወጣ ስም ተቀባይነት የለውም፤ ከ1990 ወዲህ ናሙናው የተቀመጠበት ሄርባሪየምም መገለጽ አለበት። መግለጫው በላቲን እንዲጻፍ የሚያስገድደው አሮጌ ሥርዓት በ2012 ቀርቶ እንግሊዝኛም ተፈቅዷል፤ ስሙን በኢንተርኔት በሚወጣ መጽሔት ማሳተምም የተቻለው ከዚያው ዓመት ጀምሮ ነው። ይህ ለአፍሪካ ተመራማሪዎች አንድ ትልቅ መሰናክል ያነሳ ለውጥ ነው።

ደንቡ የማይጠይቃቸውም አሉ። የዘረመል ምርመራ ግዴታ አይደለም። ዋናው ናሙና ተክሉ በበቀለበት አገር እንዲቀመጥ አያስገድድም። ነዋሪው ተክሉን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ለምን እንደሚጠቀምበትም አይጠይቅም። የኢትዮጵያ ዕፅዋት ታሪክ የተጻፈው በአብዛኛው በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ ነው።

ከተከዜ ማዶ

ከዋግ ወደ ምዕራብ፣ ተከዜን ተሻግሮ ስሜን ይገኛል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ሲያልፍ ከሰበሰባቸው ዕፅዋት አንዱ፣ ነጭ አበባ የሚያወጣውና ዛፍ ላይ የሚንጠላጠለው የአዞ ሐረግ ነበር። ናሙናው ፍራንክፈርት ደረሰ። ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው ፍሬዜኒዩስ በ1837 ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ብሎ ሰየመው፤ የስሜን ክሌማቲስ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ወደ ኢትዮጵያ ገባና ሳይመለስ ቀረ። በደጃዝማች ውቤ ዘመን ግዛት ተሰጥቶት ኖረ፤ በአፄ ቴዎድሮስ መጨረሻ በመቅደላ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ፤ በ1878 ዐድዋ ላይ ሞተ። በአራት ዐሥርት ዓመታት የላካቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ሄርባሪየሞች ተበትነዋል። ለኮሶ ትል መድኃኒትነቱ በየመንደሩ የሚታወቀው እንቆቆ የሳይንስ ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። እንቆቆ ዛፍ ተደግፎ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ በ1876 በርሊን ውስጥ ቫትከ የተባለ ተመራማሪ ኤምቤሊያ ሺምፐሪ አለው። ትውልድ ሁሉ የሚያውቀው ተክል በሰብሳቢው ስም ተጠራ።

የፈረንሳዮቹ ዕጣ ይከፋል። ወጣቱ ሐኪም ካርተን ዲዮን የላከው ሐረግ፣ ዛሬ ስቴፋኒያ አቢሲኒካ የሚባለው፣ ፓሪስ ላይ በ1840 ሲታተም እሱ ራሱ በዚያው ዓመት በመረብ ሸለቆ በትኩሳት ሞተ። ጓደኛው ፔቲ በ1843 ዓባይ ውስጥ በአዞ ተበላ። ሁለቱ የሰበሰቡትን አሺል ሪሻር ከ1847 እስከ 1851 ባወጣው የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፍ አሰፈረው።

እነዚህ ሰዎች የተመላለሱት በብዛት ከምፅዋ ወደ ዐድዋና ወደ ጎንደር በሚወስዱት መንገዶች ነው። ስሙን የወሰደው ቦታ መንገዱ ያለፈበት ነው። የአዞ ሐረግ ከስሜን ውጭም በሰፊው ይበቅላል፤ ግን ሳይንስ «የስሜን» አለው እንጂ «የዋግ» አላለውም።

የናሙናዎቹ ከአገር መውጣት ሌላም መዘዝ ነበረው። በማርች 1943 የበርሊን ሄርባሪየም በአየር ድብደባ ሲቃጠል ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ናሙናዎች፣ ከነዋናዎቹ፣ አብረው ነደዱ። ሺምፐር ለልዩ ልዩ ሙዝየሞች የላካቸው ቅጂዎች ባይኖሩ ኖሮ ኪሳራው ከዚህም በከፋ ነበር።

ከመጽሐፉ በኋላ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም የተመሠረተው በ1959 ነው። ትልቁ ሥራ ግን በ1980 ተጀመረ። ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ ሰብስቤ ደምሰው፣ መስፍን ታደሰ፣ እንሰርሙ ቀልቤሳና ሌሎችም የተሳተፉበት «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ተጠናቀቀ። ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ከዐሥሩ አንዱ ያህል ከዚህ አካባቢ ውጭ አይገኝም።

ይህ ሥራ የስያሜውንም ፊት ቀየረ። ሰብስቤ ደምሰው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋርና ለብቻው ከሰየማቸው የሬት ዝርያዎች መካከል አንዱ የአንኮበርን፣ ሌላው የወሎን ስም ይዘዋል። እዚህ ሰያሚው ራሱ የአገሩ ሰው ነው።

ይሁንና ፍሎራው የዝርያዎችን ስርጭት የሚገልጸው አገሪቱን በአሮጌዎቹ ክፍለ ሀገሮች ላይ በተመሠረቱ ክልሎች ከፍሎ ነው። ለዋግ የሚደርሰው «ወሎ ደጋ» የሚለው ምልክት ሲሆን፣ ዋግ አውራጃ የወሎ አካል ስለነበር ደሴና ሰቆጣ በአንድ ምልክት ይጠቃለላሉ። አንድ ሐረግ «በወሎ ደጋ ይገኛል» ተብሎ ቢጻፍ ከየጁ ይሁን ከደሃና፣ ከጦሳ ተራራ ይሁን ከፃግብጂ መጽሐፉን አንብቦ መለየት አይቻልም። በአገር ደረጃ ለሚሠራ መጽሐፍ ይህ በቂ ነው። ከ2,200 ሜትር በላይ ካለችው ሰቆጣ ተነስቶ ወደ ተከዜ በረሃማ ሸለቆ ለሚወርድ መሬት ግን ሰፊ ወንፊት ነው፤ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ወይራና ጥድ ቀርቶ የዕጣን ዛፍ ይተካል።

ፍሎራው በተጠናቀቀበት ዓመት የ188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብም ተመረቀ። ሐይቁ የተከዜን ገደል ታች ሸፍኖ በዋግ እስካሉት አበርገሌና ዝቋላ ወረዳዎች ደረሰ። ዛሬ የዋግ ሰው ዓሣ የሚያወጣበት ውኃ ሥር ያለው የሸለቆ ዳርቻ፣ ሐረጎች ዓመቱን ሙሉ እርጥበት ከሚያገኙባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር።

ሐረግ ለምን ያስቸግራል?

ለገበያ የሚውል ዛፍ አጥኚ አያጣም። አበርገሌ የሚታወቅበት የዕጣን ዛፍ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን በስፋት ተጠንቶ፣ በ2019 የወጣ ጥናት ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ዛፉን ተደግፎ የሚወጣው ሐረግ ግን ሻጭም ቆጣሪም የለውም።

ተክሉ ራሱም ለአጥኚ አይመችም። የአንዳንድ ሐረጎች ወንዴና ሴቴ አበባ በተለያየ ተክል ላይ ነው። ስቴፋኒያ እንዲህ ነው፤ የወለጋው አንጮቴ የሚገኝበት የኮክሲኒያ ወገንም ሙሉ በሙሉ እንዲሁ ነው። ወንዴውን ብቻ ያገኘ ሰብሳቢ ፍሬውን፣ ሴቴውን ብቻ ያገኘ የወንዴውን አበባ አያይም። ልዩነቱ በአንዱ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግማሽ ናሙና ይዞ መወሰን አይቻልም።

ቅጠሉም ያታልላል። ሐረግ በጥላ ሥር ሲያድግ የሚያወጣው ቅጠልና ጫፉ ብርሃን ሲያገኝ የሚያወጣው ቅጠል ብዙ ጊዜ አይመሳሰሉም። ያለ አበባ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ስለዚህ «ያልታወቀ» ተብሎ ይቀመጣል፤ አለዚያ በቅርብ ወደሚመስለው ስም ይገፋል። አበባው ደግሞ ከላይ፣ በዛፉ ጫፍ ላይ ነው።

ሦስተኛው ችግር ወቅት ነው። የዋግ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይከማቻል። እንደ ኮክሲኒያ ያሉት ሐረጎች ምግባቸውን በሥሮቻቸው አከማችተው ግንዳቸው በበጋ ይደርቃል። መንገዱ የሚመቸው በበጋ፣ ተክሉ የሚታየው ክረምቱ ሲወጣ ነው። በጥር ሰቆጣ የደረሰ ሰብሳቢ ዛፉንና ቁጥቋጦውን ይመዘግባል፤ መሬት ውስጥ የተኛውን ሐረግ ግን አልፎት ይሄዳል።

እንዲህ ያለው ክፍተት ሲሞላ ምን እንደሚገኝ የኮክሲኒያ ወገን ያሳያል። ኖርበርት ሆልሽታይን በ2015 መላውን ወገን ከልሶ 25 ዝርያዎች እንዳሉት ሲያሳትም፣ ሥራው የተመሠረተው ከብዙ አገሮች ሄርባሪየሞች በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ነበር። አንድን ወገን እንዲህ እስከ መጨረሻው የሚከልስ ሰው እስኪገኝ ድረስ በየመሳቢያው ያሉ ስሞች ጊዜያዊ ናቸው።

እንዶድ ያሳየው

በአንድ ስም ውስጥ ያለ ልዩነት የሊቃውንት ክርክር ብቻ ላለመሆኑ ምስክሩ እንዶድ ነው። እንዶድም የሚሳብ፣ ዛፍ ሲያገኝ እየተደገፈ ከፍ የሚል ተክል ነው። ፈረንሳዊው ሌሪቲዬ በ1791 ፊቶላካ ዶዴካንድራ ብሎ ሰይሞታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ ተክሉ ስም ካገኘ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ በመሆናቸው ምልከታው የምርምር መስክ ከፈተ።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከተለያዩ ቦታዎች የመጡ የእንዶድ ዓይነቶችን ሲያነጻጽሩ ኃይላቸው እኩል አልነበረም፤ «ዓይነት 44» የተባለው ከሌሎቹ በልጦ ተመረጠ። ሁሉም በሳይንስ አንድ ዝርያ ናቸው፤ የመጡበት ቦታና ዘራቸው ግን ለውጥ አምጥቷል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተጋርተዋል። በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን የሐይቅ ዛጎለኞችን ለመግደያ የመጠቀም የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ደግሞ ኢትዮጵያ የባለቤትነትን ጥያቄ በቅርብ አየችው።

አዋጅ ቁጥር 482/1998 (በአውሮፓውያን 2006) የወጣው ይህ ዓይነቱ ክርክር በበሰለበት ዘመን ነው። የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ የማኅበረሰብ ዕውቀትን ለማግኘት የማኅበረሰቡን ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ እንዲሠራ ግን ክርክር የሚነሳበት ተክል የተመዘገበ መሆን አለበት። ከዋግ የተወሰደ ሐረግ በኬፕ ሐረግ ስም ብቻ የሚታወቅ ከሆነ፣ «የዋግ ነው» ብሎ ለመሟገት መነሻው የተመዘገበ ናሙና ነው።

ስም ማጣት ለጥበቃም እንቅፋት ነው። ስም የሌለው ዝርያ በአደጋ ላይ ባሉ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ በአብዛኛው አይገባም። የለንደኑ ኪው ዕፅዋት ማዕከል በ2023 ባወጣው ዘገባ ገና ካልተሰየሙት ዕፅዋት ከ4ቱ 3ቱ ያህል ቀድሞውኑ የመጥፋት አደጋ ላይ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገምቷል። የተረፉት ጥቂት ቦታ ላይ ያሉት፣ ለመገኘትም የሚዘገዩት ናቸውና።

ቅጥሩ ውስጥ ያለው

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሐረግ የሚደገፍበት ትልቅ ዛፍ በአብዛኛው የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ባጠኑበት ሥራ 168 እንጨታማ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ 17ቱ ሐረጎች ነበሩ። ይህ ቁጥር የእንጨታሞቹ ብቻ ነው። እንደ ሐረግ ሬሳ ያሉ ለስላሳ ሐረጎች በእንዲህ ያለ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም፤ በኬንያ የተገኘው አዲስ ዝርያም ከነዚህኛዎቹ ወገን ነው።

የሰቆጣ ዙሪያ ገዳማትና አድባራት፣ በከተማዋ አቅራቢያ ካለው ከውቅር መስቀለ ክርስቶስ ጀምሮ፣ ለስላሳዎቹን ሐረጎችም ለሚጨምር ቆጠራ ይመቻሉ። ሰቆጣ ውስጥ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ሥራው ሰብልና እንስሳት ላይ ቢያተኩርም፣ የክረምቱን መውጣት ጠብቆ በመስከረምና በጥቅምት የሚያበቡትን ለመሰብሰብ ከአዲስ አበባ ከሚነሳ ቡድን ይልቅ ቅርበቱ ይበጀዋል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዋግ ከግንባሮቹ አንዱ እንደነበር፣ ከዚያም ወዲህ በአማራ ክልል መንቀሳቀስ አስቸጋሪ ሆኖ እንደቆየ ስናስብ፣ በቦታው የሚኖር ሰብሳቢ ዋጋው ይጨምራል።

የሚያስፈልገው መሣሪያም የተራቀቀ አይደለም፦ መጭመቂያ እንጨት፣ ጋዜጣ፣ ለዘረመል ምርመራ ቅጠሉን የሚያደርቅ የሲሊካ ፍሬ፣ ከፍታና አቅጣጫ የሚመዘግብ ስልክ። ከባዱ ሥርዓቱ ነው። ከአንድ ቦታ ወንዴውንም ሴቴውንም መያዝ፣ ፍሬው እስኪበስል ተመልሶ መምጣት፣ ሽማግሌዎችና ባለመድኃኒቶች በአካባቢው የአገው ቋንቋ በኽምጣንጋና በአማርኛ የሚጠሩበትን ስም በፈቃዳቸው መመዝገብ፣ ቅጂ ለአዲስ አበባ መላክ ዓመታት ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ ንጽጽሩ ይቀላል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአፍሪካ ዕፅዋት ዋና ናሙናዎች በፎቶ ተነስተው በኢንተርኔት ስለተለቀቁ፣ የሩፔልንና የሺምፐርን ወረቀቶች ለማየት አውሮፓ መሄድ የግድ መሆኑ ቀርቷል።

እንዲህ ባለው ሥራ የዋግ ሐረግ ሬሳ ከኬፑ ጋር አንድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ዜኔሪያ ስካብራ የሚለው ስም በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይጸናል፤ «ወሎ ደጋ» የሚለው ምልክትም ቀበሌና ከፍታ ያለው መረጃ ይሆናል። የተለየ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ስም ይወጣለታል። ያን ጊዜ የሚነሱት ጥያቄዎች ሰያሚው ማን ይሁን፣ ስሙ ሰው ይጠራ ወይስ ቦታ፣ ዋናው ናሙናስ የት ይቀመጥ የሚሉ ናቸው። ደንቡ ሦስቱንም ክፍት ስለሚተው መልሱ የሚወሰነው ናሙናውን ቀድሞ በሰበሰበውና ባነጻጸረው ወገን ነው።